«ዳርህን ያዝ!»

በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው በቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚሰማው ትእዛዝ ቢኖር «ዳርህን ያዝ!» የሚለው ነው። ሚኒባሱ ይለዋል፤ የቤት መኪናው ይለዋል፤ ክላክሱም በራሱ ቋንቋ ይለዋል። አንዳንዱ ምክር አስመስሎ «ነፍስህን ጠልተሃል እንዴ?» ይላል። ሌላው «በመጫወቻ መንገድ ትዘጋለህ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ መስታወቱን ይዘጋል። አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ምናልባትም ለነፍሴ አዝነው የተናገሩ ይመስላቸዋል። ይሁንና አንድም ቀን ቆም ብለው ያልጠየቁት ነገር አለ። ለመሆኑ «ዳር» የሚሉት የት ነው?

እስቲ ከመኪናው እንውረድና አብረን እንየው። በመጀመሪያ የጎርፍ መውረጃው አለ። ክዳኑ ካለ፣ የብረቶቹ ክፍተት የብስክሌት ጎማ እንዲውጥ ታስቦ የተለካ ይመስል ወደ መንገዱ አቅጣጫ ተዘርግቶ ይጠብቃል። ክዳኑ ተሰርቆ ከተሸጠ ደግሞ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከዚያ ቀጥሎ ከግንባታ ቦታ የተንጠባጠበ ጠጠርና አሸዋ አለ፤ ክረምት ከሆነ ጥልቀቱ የማይታወቅ ኩሬ ይሆናል። ከኩሬው ማዶ የቆመ መኪና አለ። የቆመ መኪና በር አለው፤ በሩን የሚከፍተው ሰው ወደ ኋላ አይመለከትም፤ ምክንያቱም ከኋላ የሚመጣ ነገር ሁሉ ለእሱ መኪና ነው፣ መኪና ደግሞ ድምፅ አለው። ብስክሌት ድምፅ የለውም። ከቆመው መኪና ፊት ሚኒባስ ታክሲ አለ፤ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ሲሰማ ያለ ፍሬቻ ወደ ቀኝ ይሰበራል፣ ረዳቱም መኪናው ሳይቆም በሩን ገፍቶ ይከፍታል። በመጨረሻ እግረኛው አለ፤ የእግረኛው መንገድ ተቆፍሮ ወይም በሸቀጥ ተይዞ አስፋልቱ ላይ የወረደ፣ ጀርባውን ለእኔ የሰጠ፣ እኔ እንደምመጣ የማያውቅ።

እንግዲህ «ዳር» ማለት ይህ ነው። መሪ ጨብጦ የተቀመጠ ሰው ሲያየው ባዶ ነው፤ መኪና የለበትማ! ለእሱ ባዶ የሚመስለው ያ የአንድ ክንድ ስፋት ግን በሁለት ጎማ ለሚሄድ ሰው በመንገዱ ሁሉ ካለው ቦታ የከፋው ነው። ብስክሌተኛ ከጠርዙ አንድ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የሚነዳው ሾፌር ለማናደድ ብሎ አይደለም። ጉድጓዱን፣ በሩንና እግረኛውን ስለሚያይ ነው። ብልህ ሰው ነው ሊባል ሲገባው «ባለጌ» ይባላል።

ሾፌሩ ሰበብ አለው፤ «ቸኩዬ ነው» ይላል። በዚህ ሰበብ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሐሰት ነው።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከመገናኛ ወደ ቦሌ፣ ወይም ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት የሚሄድ ሰው ያውቀዋል። አንድ መኪና ከኋላዬ ደርሶ ክላክሱን ያንባርቃል፣ ይጠጋኛል፣ በክርኔና በመስታወቱ መካከል የእጅ መዳፍ የማያስገባ ክፍተት አስቀርቶ ያልፈኛል። ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ፍሬን ይይዛል፤ ከፊቱ ሠላሳ መኪና ተሰልፏላ! እኔ በጎኑ አልፌ እሄዳለሁ። መብራቱ ሲለቀው እንደገና መጥቶ ያልፈኛል፤ በሚቀጥለው አደባባይ ላይ እንደገና ቆሞ አገኘዋለሁ። በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ እንዲህ የተላለፍናቸው ሾፌሮች አሉ። በሦስተኛው ላይ አንዳንዱ ያፍራል፤ ብዙው ግን ይበልጥ ይናደዳል። የሕይወቴን ዋጋ ከፍሎ የገዛው ጊዜ አንድ ደቂቃም አልሞላም፤ ያችኑም ደቂቃ ሰልፉ ላይ ቆሞ ጨረሳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት እንኳ ለዚህ አይሆንም፤ ያቺ ሴት ቢያንስ የራሷን ነው ያፈሰሰችው።

የሚኒባስ ሾፌሩን ግን ለብቻው አድርጌ ላየው እወዳለሁ። ብዙው ሾፌር መኪናው የእሱ አይደለም። ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ማስገባት አለበት፤ ቤንዚኑ ከእሱ ነው፣ የረዳቱ አበል ከእሱ ነው፣ ቅጣቱም ከእሱ ነው፤ ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው የልጆቹ እራት። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ሒሳቡ ይበልጥ ጠቧል። አንድ ተሳፋሪ ማጣት ለእሱ ቁምነገር ነው። ሲገፋኝ ያስፈራኛል እንጂ አይገርመኝም፤ ችኮላውን ባለቤቱ ከመኪናው ጋር አብሮ አከራይቶታልና። ይህ ነገር በብስክሌተኛ ጩኸትም በሾፌር ሥነ ምግባር ስብከትም አይፈታም፤ የገቢው ውል ካልተለወጠ ሚኒባሱ አይለወጥም። የእኔ ሙግት ከእሱ ጋር አይደለም። የእኔ ሙግት ብቻውን በአምስት ሰው መቀመጫ ውስጥ ተቀምጦ፣ ማንም ሳያሯሩጠው ከሚሮጠው የቤት መኪና ነጂ ጋር ነው።

ታዲያ ችኮላ ካልሆነ ምንድን ነው? የክብር ጉዳይ ነው እላለሁ።

በቀድሞው ዘመን መኳንንቱ በበቅሎ ሲሄዱ ከፊትም ከኋላም አጀብ ነበራቸው። አጀቡ ሥራው መንገድ ማስለቀቅ ነበር። ዝቅ ያለው ሰው በመንገድ ላይ ከፍ ያለውን ሲያገኝ ከበቅሎው ወርዶ፣ ዳር ቆሞ፣ አደግድጎ እጅ ይነሳ ነበር። በመንገድ ላይ ማን ለማን ይለቃል የሚለው ጥያቄ የትራፊክ ጥያቄ አልነበረም፤ ማን ከማን ይበልጣል የሚል ጥያቄ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ግድም ለዐፄ ምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ በቅሎዋ ቀስ በቀስ ከከተማው ወጣች። አጀቡ ግን አልወጣም፤ ክላክስ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። የዛሬው ክላክስ «ተጠንቀቅ» አይልም። «ማን እንደመጣ አላየህም?» ነው የሚለው። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ስለ አስፋልቱ ግን የነገረን የለም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብስክሌት ቦታው የት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ብስክሌት የልጅ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ብስክሌት የሚለምደው በአብዛኛው በኪራይ ነው፤ የሰፈር ልጆች ሳንቲም አዋጥተው፣ ተራ ይዘው፣ ባለ ብስክሌቱ ሰዓቱን እያየ «አልቋል፣ ውረድ!» እያላቸው። ጉልበቱ ያልተላጠ የለም። ከዚያ ልጁ ያድጋል፣ ይወርዳል፣ አይመለስም። ትልቅ ሰው ሆኖ ብስክሌት ላይ የተገኘ ሁለት ትርጉም ብቻ አለው፤ ወይ ስፖርተኛ ነው፣ ወይ አልተሳካለትም። አንዲት የሥጋ ዘመዴ፣ አክብሮቴ የማይጎድልባቸው ትልቅ ሴት፣ ሰንሰለቱን ስጠራርግ አይተውኝ «ልጄ፣ ሰው ምን ይላል? እስክትገዛ ድረስ በታክሲ አትሄድም?» አሉኝ። ምን እስክገዛ ድረስ እንደሆነ መናገር አላስፈለጋቸውም። በዚህ ከተማ «ገዛ» ተብሎ ስሙ ሳይጠራ የሚታወቅ ነገር አንድ ብቻ ነው።

ሴት ስትነዳ ደግሞ ክላክሱ ላይ ሌላ ይጨመርበታል። ከሚኒባስ መስኮት የሚወጣውን ቃል እዚህ ልጽፈው አልችልም፤ አዘጋጁም አያወጣልኝም። የማውቃቸው ሁለት ሴቶች ብስክሌት ገዝተው፣ አንደኛዋ ሦስት ወር፣ ሌላኛዋ ከዚያም ያነሰ ነድተው ትተውታል። መንገዱን ፈርተው አይደለም፤ በየማዕዘኑ መወረፍ ሰልችቷቸው ነው። ስለ ሴቶች እኩልነት በየመድረኩ የሚናገረው ወንድ ወደ ቤቱ ሲመለስ መሪው ላይ ሆኖ ምን እንደሚል ብንሰማው ጥሩ ነበር።

ክብሩን ለባለ ክብሮቹ ትተን፣ ዛሬ በዚህ ከተማ በብስክሌት የሚሄደው ማን እንደሆነ እንይ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ታክሲ ሳይጀምር፣ ከዳር ሰፈር ወደ መሐል ከተማ የሚመጣው የጥበቃ ሠራተኛ ነው። መጋዙንና ውኃ ልኩን በብስክሌቱ አግድም ብረት ላይ ያሰረው አናጢ ነው። ሣጥን በጀርባው ተሸክሞ የሌላ ሰው ምሳ ሳይቀዘቅዝ ለማድረስ የሚሮጠው ወጣት ነው። እዚህ ላይ የሚያስቀኝም የሚያሳዝነኝም ነገር አለ፤ በስልኩ ምግብ አዝዞ «ምነው ዘገየ?» የሚለውና ያንኑ ወጣት በመንገድ ላይ ሲያገኘው «ዞር በል!» የሚለው አንዳንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው።

አንድ መኪና ያለው ወዳጄ፣ ደግነቱን የማልጠራጠረው፣ ይህን ስነግረው ሦስት ነገር መለሰልኝ። «ስማኝ» አለኝ፣ «ከተማው ዳገት ነው፤ ለብስክሌት አልተፈጠረም። ሁለተኛ ነገር፣ ብስክሌተኞች ራሳቸው ሕግ አያከብሩም። ሦስተኛ፣ መንገዱ የሚሠራው እኛ በምንከፍለው ነው፤ እናንተ ምን ትከፍላላችሁ?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነውና። የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ እንደሚሰበስብ አውቃለሁ። ነገር ግን የከተማ አስፋልት በነዳጅ ቀረጥ ብቻ አልተነጠፈም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሳሙናውም በጫማውም ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እየከፈለ የኖረው እግረኛ፣ የመንግሥት ብድር በስሙ የተወሰደበት እግረኛ፣ ከአስፋልቱ ድርሻ አለው። የእኔ ብስክሌት ደግሞ መንገዱን አይሰብርም። አስፋልት የሚሰብረው ክብደት ነው። መንገዱን ለሚጎዳው መጠን ይከፈል ከተባለ ወዳጄ ለእኔ መልስ ይመልስልኛል።

የዳገቱ ነገር እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያለፈች ናት፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ 3,000 ያልፋል። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ በብስክሌት የወጣ ሰው ሳንባ እንዳለው ያውቃል። ነገር ግን ሕዝቡ የሚበዛበትና ከተማው የሚሰፋበት የደቡቡና የምሥራቁ ክፍል፣ ቦሌው፣ ገርጂው፣ ሲኤምሲው፣ ጀሞው ይህን ያህል ዳገት አይደለም። ደግሞስ ዳገቱን የሚወጣው የእኔ እግር ነው እንጂ የወዳጄ ቤንዚን ነው? ዳገቱ ለክርክሩ ቁምነገር የሚሆነው በሌላ በኩል ነው፤ ብስክሌተኛ ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፣ ሲወዛወዝ ከሜዳው የሰፋ ቦታ ያስፈልገዋል። ሾፌር ደግሞ ከየትም ይልቅ ትዕግሥቱን የሚጨርሰው እዚያው ዳገት ላይ ነው።

በሁለተኛው ላይ ለብስክሌተኛ ወገኖቼ አላደላም። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳ አለ። ማታ ያለ መብራት ጨለማ ለብሶ የሚሄድ አለ። ጆሮውን በሙዚቃ ደፍኖ ዙሪያውን የማይሰማ አለ። ከሁሉ የከፋው ዳገት ሲደርስ የጭነት መኪና ጭራ ይዞ የሚጎተተው ወጣት ነው፤ አንድ ቀን ያ መኪና ፍሬን ይይዛል፤ እጁን የሚለቅበት ጊዜ አይኖረውም። እነዚህ ሊቀጡ ይገባቸዋል፤ ቢቀጡ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ጥፋት ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ብስክሌትና ነጂው አብረው መቶ ኪሎ አይሞሉም። ትንሿ የቤት መኪና እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ትከብዳለች፤ ፍጥነቷም እጥፍ ሲሆን የምትመታበት ጉልበት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ብስክሌተኛ ሲያጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ራሱ ነው። ሾፌር ሲያጠፋ የሚሞተው ሌላ ሰው ነው። ሕዝቡ ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ ስም ሲያወጣ ሳይሳሳት ነው ያወጣው። አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለ ሕዝብ ስለ ብስክሌት እንዲህ ያለ ስም አላወጣም።

ከዚህ ላይ ቁጥር ልጥራ። በ2010ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብቻ በአንድ ዓመት ከ400 በላይ ሰው በትራፊክ አደጋ የሞተባቸው ዓመታት ነበሩ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ብስክሌተኛው በቁጥሩ ውስጥ ጎልቶ የማይታየው መንገዱ ስለተመቸው አይደለም፤ ቁጥሩ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ጥቂት የሆነውም ሰው ፈርቶ ስለተወው ነው። «ብስክሌት የሚነዳ የለም፤ ለምን መንገድ ይሠራለታል?» የሚለው ክርክር፣ ድልድይ በሌለው ወንዝ ዳር ቆሞ «የሚሻገር ሰው አላየሁም፤ ድልድይ ምን ያደርጋል?» እንደ ማለት ነው።

አሁን አንባቢዬ «መንገዱማ ተሠራ፤ አላየህም እንዴ?» ሊለኝ ነው። አይቻለሁ። በ2011 ዓ.ም. በወር አንድ እሑድ መንገዶችን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛ የሚከፍተው «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ወጥቼ ነድቻለሁ፤ መስቀል አደባባይን ያለ ጭስ ማየት ደስ ይላል። ከተማው ሞተር አልባ ለሆነ ትራንስፖርት እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ ስትራቴጂ አውጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ የብስክሌት መስመር በእውነት ተሠርቷል፤ ለዓይን ያምራል፣ ለጎማም ይመቻል። ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ ሲወርዱ ልቤ ረክቷል። ያልተደረገውን ስወቅስ የተደረገውን አልክድም።

ነገር ግን መስመሩ ሁለት ጣጣ አምጥቷል። አንደኛው፣ መስመሩ ያለው ብስክሌት እምብዛም የማያስፈልገው ሰው በሚኖርበትና በሚሠራበት ነው። በዚሁ ልማት ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሣው ሰው፣ ድሮ በእግሩ ሥራ ይሄድ የነበረው ሰው፣ ዛሬ ከተማው ጫፍ ላይ ነው የሚኖረው። በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በገላን የሚኖረው ሕዝብ የሚከፍለውን የትራንስፖርት ገንዘብ እሱ ያውቀዋል። ብስክሌት ያስፈልጋል ከተባለ ለእሱ ነው የሚያስፈልገው። እሱ ያማረው መስመር ላይ ለመድረስ አስቀድሞ በረጅሙ መንገድ ላይ ከሲኖትራክ ጋር መጋፋት አለበት። የተረፈ ከደረሰ ይንሸራሸራል።

ሁለተኛው ጣጣ የባሰ ነው። መስመሩ ለሾፌሩ አዲስ ቃል ሰጠው። ድሮ «ዳርህን ያዝ!» ይል የነበረው ዛሬ «መስመርህ ውስጥ ግባ!» ይላል፤ መስመር በሌለበትም ጭምር! አንድ ጎዳና ላይ መስመር መሠራቱን በሌላው ጎዳና ሁሉ እኔን ማስወጣት የሚያስችል ፈቃድ አድርጎ ወስዶታል። መስመሩ ደግሞ ማለቁ አይቀርም። እያንዳንዱ መስመር የሆነ መስቀለኛ መንገድ ላይ ያልቃል፤ እያንዳንዱ ሰው ደግሞ ቤቱ ከመስመሩ ውጭ ነው። መስመር ከተማውን ሁሉ ሊሸፍን አይችልም፤ አልጋ በአልጋ የሆነ የትም አገር የለም። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሙሉ የጋራ ነው። የጋራ መንገድ ደግሞ የሚዳኘው በቀለም ሳይሆን መሪውን በያዘው እጅ ነው።

«ፈረንጆቹ ለምደውት ነው» የሚለኝም አለ። ሆላንዶች ከነብስክሌታቸው አልተወለዱም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት መኪና ከተሞቻቸውን ሞልቶ ብስክሌቱን ገፍቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በመላ አገሪቱ ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ ላይ ሞተ፤ ከዚህ ውስጥ ከ400 በላይ ሕፃናት ነበሩ። በዓመቱ ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ «ሕፃናትን መግደል ይቁም» በሚል ርእስ ጻፈ፤ ርእሱ የንቅናቄ ስም ሆነ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው አስፋልት ላይ ተቀመጡ። በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣ መንግሥታቸው እሑድ እሑድ መኪና አስቆመ፤ ሕዝቡም መንገዱን ያለ መኪና አየው። ዛሬ ፎቶግራፉን እያየን የምንቀናበት ከተማ የተገኘው እንዲህ ነው፤ በልምድ ሳይሆን በጥል። ለእነሱ 400 ሕፃናት በአገር ደረጃ የማይቻል ሆኖባቸዋል። እኛ 400 ሰው በአንድ ከተማ ቆጥረን በዜና መጨረሻ ላይ እናነበዋለን።

ለብስክሌት ባዕድ ነን ማለትም ታሪክ አለማወቅ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት ኦሎምፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ የተወዳደረችባቸው ስፖርቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አትሌቲክስና ብስክሌት። አበበ በሮም ሳይሮጥ በፊት ብስክሌተኞቻችን ሮጠዋል። የመቀሌው ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ባሕር ዳር ደግሞ ለብዙ ዘመን የብስክሌት ከተማ ስትባል ኖራለች፤ በዘንባባው ሥር ተማሪውም መምህሩም ነጋዴውም የሚነዳባት፣ ማንም «አልተሳካለትም» የማይባልባት። ባጃጅ እየበዛ ብስክሌቱን ሲገፋው ያየ የባሕር ዳር ሰው የምናገረው ይገባዋል። በቴሌቪዥን ሲሆን ለብስክሌተኛ እናጨበጭባለን፤ በመንገድ ላይ ስናገኘው ክላክስ እንነፋበታለን።

ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪናው በየመንገዱ እየበዛ ነው። ለሳንባዬ መልካም ነው። ነገር ግን እስካሁን ከኋላ የሚመጣውን የምለየው በጆሮዬ ነበር፤ አይሱዙውን ከላዳው፣ ሚኒባሱን ከሃይገሩ በድምፁ አውቄ ቦታዬን አስተካክል ነበር። ይኸኛው ድምፅ የለውም። ትከሻዬ አጠገብ ሲደርስ ነው የማውቀው። ስለ አየር ንጽሕና የሚናገሩት ሰዎች ይህንንም ቢያስቡልን ምናለ?

ምን ይደረግ ለሚለኝ ረጅም ዝርዝር የለኝም። በፈረንሳይ ሕግ መኪና ብስክሌትን ሲያልፍ በከተማ ውስጥ አንድ ሜትር፣ ከከተማ ውጭ አንድ ሜትር ተኩል መራቅ አለበት፤ በጀርመን በከተማም አንድ ሜትር ተኩል ነው። ይህን በቁጥር እኛም እንጻፈው፤ «በጥንቃቄ» የሚል ቃል ትራፊክ ፖሊስ ሊለካው አይችልም፣ ሜትር ግን ይለካል። የመንጃ ፈቃድ ተማሪ ከመፈተኑ በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ በብስክሌት አስፋልት ላይ ይውጣ። ጎርፍ መውረጃው ላይ የሚደረገው ብረት ወደ አግድም ይዙር፤ ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፣ ብረቱን የሚበይደው ሰው አንድ ቃል ቢነገረው ይበቃል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ እኔ የማደርገውን ልናገር፤ ድንገተኛ እንዳይሆንባችሁ። መንገዱ ሰፊ በሆነበት ወደ ቀኝ እሄዳለሁ። መኪናና ብስክሌት ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠባብ ቦታ ስደርስ ግን፣ ግራና ቀኝ መኪና የቆመበት ሲሆንም፣ ዳሩን አልይዝም። እጄን አሳይቼ መሐሉን እይዛለሁ። ከኋላዬ ያለው ሾፌር በዚያች ጊዜ ሊያልፈኝ ቢሞክር የሚያልፈው በእኔ ላይ ነው፤ ስለዚህ እንዲያልፍ አልፈቅድለትም። ክላክሱን ይንፋ። መስታወቱን ዝቅ አድርጎ የፈለገውን ይበለኝ። ያ ቦታ ሲበዛ የግማሽ ደቂቃ መንገድ ነው። ሲሰፋ ወደ ቀኝ እወጣና በእጄ «እለፍ» እለዋለሁ። ሲያልፍ አንድ ሜትር ተኩል ይተውልኝ።